የመኪና መሪና እግር ችግር፦ ከዕቃው በፊት ለምርመራው ክፈሉ

መኪናው ይንቀጠቀጣል። ጋራዥ ይገባና ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ) ይቀየርለታል። አሁንም ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቦል ጆይንት (የእግሩ ክንድ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት ክብ መጋጠሚያ) ይቀየራል፣ ከዚያ ሾክ አብዞርበር (የመኪናውን መንጠር የሚያበርደው)። ባለቤቱ የፊት እግሩን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙትን ዕቃዎች፣ በሙሉ አድሶ ሲጨርስ መኪናው ያው ነው። "ታዲያ የት ልውሰደው?" ለምትሉ ሁሉ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ዕቃ ከሚቀይር ሰው በፊት ችግሩን የሚያገኝ ሰው ፈልጉ፤ ለማግኘቱም ለብቻው ክፈሉት። ምርመራ በነጻ የሚሠራ ቤት የሚበላው ከቅያሬው ነው፤ ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ "ይሄ ይቀየር" ነው። ሁሉም አታላይ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙው መካኒክ ከልምዱ ተነስቶ ይገምታል፣ አንዳንዴም ይገጥምለታል። መሪና እግር ላይ ግን ግምት ብዙ ይስታል፤ አንድ ዓይነት ኳኳታ ከአራት አምስት ቦታ ሊመጣ ይችላል።

መጀመሪያ የት እንደምትሄዱ የሚወስነው ምልክቱ ነው። በሰዓት ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርሱ መሪው እጃችሁ ላይ የሚርገበገብ ከሆነ ጎማ ቤት ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ (የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አለመሆን)፣ የተጣመመ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ወይም ውስጡ የተጎዳ ጎማ ጉዳይ ነው። ጎማው ባላንስ ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ቸርኬው ወይም መሬት የሚረግጠው የጎማው ፊት የሚዘል ከሆነ በዓይን ይታያል፤ ያ ደግሞ ክብደት በመለጠፍ አይስተካከልም። ፍሬን ስትይዙ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከሆነ ግን የፍሬን ዲስኩን ውፍረት ዙሪያውን የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ነዳጅ ስትሰጡ መጥቶ እግራችሁን ስታነሱ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ የውስጥ መጋጠሚያ ይጠርጠር። እነዚህን ሦስቱን ሳይለይ "የፊት እግሩ ነው" የሚል ጋራዥ ገና ምርመራ አልጀመረም።

አላይመንት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚሄደው እዚህ ነው። አላይመንት የጎማዎቹን አቀማመጥ ያስተካክላል እንጂ የላላ ዕቃ አያጠብቅም። መንቀጥቀጥም አያጠፋም። ቴስቲናው ላልቶ እያለ አላይመንት ቢሠራ ማሽኑ ላይ ያማረ ቁጥር ይወጣል፣ መኪናው ከግቢው ሲወጣ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቤት የምለው መኪናውን አንስቶ የላላ ነገር መኖር አለመኖሩን ሳያይ ሥራ የማይጀምረውን ነው። የላላ ካገኘ "መጀመሪያ ይሄን አሠርታችሁ ተመለሱ" ይላችኋል። እንዲህ ብሎ የመለሳችሁን ሰው አጥብቃችሁ ያዙት፣ ስልኩንም መዝግቡ። ሌላው መለያ ወረቀቱ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር አትሞ የማይሰጥ ቤት አልመክርም።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር እዩ፦ ቶ፣ ካምበርና ካስተር። ቶ የጎማዎቹ የፊት ጫፍ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። ሲበላሽ የጎማውን ፊት በእጃችሁ ስትዳብሱት በአንድ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው ሻካራ ይሆናል። ካምበር የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ሲሆን ከልክ ሲያልፍ አንዱን ጠርዝ ብቻ ይበላል። ካስተር ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው፤ ግራና ቀኙ ሲለያይ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ብዙ መኪና ላይ ካምበርና ካስተር ማስተካከያ የላቸውም። ቁጥራቸው ከወሰኑ ከወጣ ያረጀ ወይም የተጣመመ ነገር አለ ማለት ነው። "ቶውን አስተካክያለሁ፣ ሌላው ምንም አይል" ከተባላችሁ ለምን እንደወጣ ጠይቁ፣ መልስ ሳታገኙም አትሂዱ።

መኪናው ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ከአላይመንቱ በፊት የሚደረግ ቀላል ሙከራ አለ። የጎማዎቹን ንፋስ እኩል አድርጉ። ከዚያ የፊቱን ግራና ቀኝ ጎማ አለዋውጡ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞሩ የተሠሩ ጎማዎች ከሆኑ ግን የፊቱን ከኋላው ጋር ነው የምታለዋውጡት። መጎተቱ ከጎማው ጋር አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የጎማው ነው። ትንሽ ነድታችሁ ስትቆሙ አንዱ ቸርኬ ከሌላው በጣም የሚሞቅ ከሆነም ሳይለቅ የቀረ ፍሬን አለ። ይህን ሁሉ ሳያይ "የመሪ ሳጥኑ (የመሪውን ዙረት ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው) ይቀየር" የሚላችሁን አመስግናችሁ ውጡ።

ለኳኳታና ለመላላት ግን ጋራዥ ያስፈልጋል። የአምራቹ ወኪል ጋራዥ ትልቁ ጥቅሙ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ መሪ ነው። የመኪናውን ኮምፒውተር በትክክል የሚያነብ ስካነርና መሪው መሃሉን እንዲያውቅ መልሶ የሚያስተካክል ሶፍትዌር አለው። ጉድለቱ በጥቅል መቀየር ይወዳል፤ አንድ ጎሚኒ (መጋጠሚያ ላይ ያለ የጎማ ትራስ) ላረጀበት ሙሉውን ክንድ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት)። ሁሉን የሚሠራ ጋራዥ ለቅያሬ ይበቃል፣ ምርመራው ግን እንደ ሰውየው ነው። የእኔ ምርጫ የእግር ሥራ ብቻ የሚሠራ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያየው ያንኑ ስለሆነ እጁ ያውቀዋል። ቤት ድረስ የሚመጣ መካኒክ አንድ የታወቀ ዕቃ ለማስቀየር ጥሩ ነው፤ ማንሻ ስለሌለው ለምርመራ አልመክረውም።

የትም ብትሄዱ አመራመሩን እዩ። አብሯችሁ ሳይነዳ የሚናገር ይቅርባችሁ። ከነዳ በኋላ መኪናውን አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቀንቀዋል። ከተላወሰ ወይ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው ወይ ቦል ጆይንቱ። ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይያዝለት። መላወሱ ፍሬን ሲያዝ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ያያል። ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው ከተላወሰ ቴስቲናው ወይም የመሪ ሳጥኑ ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ይጠረጠራል። ቴስቲና ይበልጥ የሚታወቀው ግን ጎማው መሬት ረግጦ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ እያለ ሌላው መጋጠሚያው ላይ እጁን ሲያደርግ ነው።

ቦል ጆይንት ላይ ብዙ የሚሳሳቱት ክሪኩን ሲያስቀምጡ ነው። ሞላው ታችኛው ክንድ ላይ የተቀመጠ መኪና ከሻንሲው ከተነሳ ሞላው ክንዱን ገፍቶ ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ይይዘዋል፣ ያለቀውም ደህና ይመስላል። ክሪኩ ከክንዱ ሥር መግባት አለበት። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ካገኛችሁ ሌላውንም ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

በትናንሽ ጉድጓድ ላይ ቀጫጭን ኳኳታ ሲመጣ ብዙ ጊዜ "ሾክ አብዞርበር ነው" ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የስታብላይዘር ሊንክ (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ የሚያያይዘው) ነው። ሊንኩ ደግሞ ርካሽ ዕቃ ነው። ኳኳታው ፍሬን በስሱ ስትይዙ የሚጠፋ ከሆነ የላላው የፍሬኑ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ወይም የፍሬኑ ሸራ ነው፣ እግሩ አይደለም። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ሞላው እየታሰረ ዘሎ የሚለቅ ድምፅ ካለ የሾክ አብዞርበሩ አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ ይታይ። ስትነዱ እንደ አውሮፕላን የሚያጉረመርም ድምፅ ወደ አንድ በኩል ስትታጠፉ ከጨመረ የጎማው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ ጎማም እንዲሁ ያጉረመርማል፣ ስለዚህ ጎማዎቹን አለዋውጦ ድምፁ ቦታ መቀየሩን ማየት ይቀድማል።

በጣም የሚያናድደኝ የመሪ ሳጥን ነው፤ ከሁሉም ውድ ነውና። የኤሌክትሪክ መሪ የባትሪው ወይም የዲናሞው ቮልት ሲወርድ ይከብዳል፣ መብራትም ያበራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው ባትሪና ዲናሞ ነው። በዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የዘይቱ መጠን፣ ቺንጊያውና ፓምፑ ከሳጥኑ በፊት ይታያሉ። አንድ የማውቀው ሰው መሪው ከታጠፈ በኋላ አልመለስ ብሎት ጋራዡ ሳጥኑን ቀይሮለት ነበር። ሌላ ቤት ሲወስደው ከመሪው ወደ ሳጥኑ የሚወርደው ዘንግ መጋጠሚያ ዝጎ ደርቆ ተገኘ። አሮጌው ሳጥን ምንም አልሆነም ነበር። መጋጠሚያውን ለማየት ዘንጉን ከሳጥኑ ፈትቶ በእጅ ማዞር ይበቃ ነበር!

ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ። ሾክ አብዞርበር ላይ ኬዋይቢና ሞንሮ ለተለመደ አነዳድ ደህና ናቸው። ኬዋይቢ የጃፓን ኩባንያ ነው፣ ለብዙ የጃፓን መኪኖችም ከፋብሪካው ጀምሮ የሚገጠመው እሱ ነው። ቢልስታይን ጠንከር ያለ ነው፤ ምቾት ለሚፈልግ ሰው ላይስማማ ይችላል። ላዩ ላይ ስስ የዘይት ወዝ ስለታየ ብቻ አይቀየርም፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን አልቋል። ሲቀየርም ግራና ቀኙ አብሮ ነው። ለቦል ጆይንት፣ ለቴስቲናና ለክንድ የአውሮፓ መኪና ላላችሁ ሌምፎርደርን እመርጣለሁ፤ የጀርመኑ ዜድኤፍ ምርት ነው። ለጃፓን መኪና 555 የሚባለው ምርት ጥሩ ነው። ለኩሽኔታ ኤስኬኤፍ ወይም ኤንኤስኬ። ስም ያለው ዕቃ ሁሉ ግን አስመሳይ አለው፤ ከታወቀ አከፋፋይ ግዙ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ዕቃው ላይ ከተመታው ጋር አመሳክሩ። ያገለገለ ክንድ ወይም የመሪ ሳጥን ለጊዜው ሊያግዝ ይችላል፣ ያገለገለ ቦል ጆይንትና ቴስቲና ግን በፍጹም። ከፖሊዩሪቴን (ጠንከር ያለ ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተሠራ ጎሚኒ ዕድሜ አለው፣ ግን ንዝረቱንና ድምፁን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ለዕለት መኪና ከተለመደው ጎማ የተሠራው ጎሚኒ ይሻላል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ። 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያረጀ ጎማ ውስጡ ሊለቅ ይችላል፣ ከዚያ መንቀጥቀጡን እግሩ ላይ ስትፈልጉ ትኖራላችሁ።

አዲሱ ዕቃ ቶሎ ካለቀም አገጣጠሙን ጠይቁ። የክንድ ጎሚኒ ያለው ቡሎን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ቡሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ዕቃው መጥፎ ነው ተብሎ ስንቱ ጥሩ ዕቃ ተሰድቧል!

አሁን ቀድሞውኑ የተሳሳተ ነገር ለተቀየረላችሁ። መጀመሪያ አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ፣ አትጣሉት። ከዚያ ሌላ ቤት ለምርመራ ብቻ ውሰዱት። የመጀመሪያው ጋራዥ ያለውን አትንገሯቸው፤ ምልክቱን ብቻ ንገሩ። ከነገራችኋቸው ወይ ያንን ይደግማሉ ወይ ለመቃወም ሲሉ ሌላ ይላሉ። ያገኙትን በጽሑፍ፣ ከተቻለ መላወሱን በቪዲዮ ይስጧችሁ። እንዲጠግኑት ግን ገና አትፍቀዱ፤ ዕቃው ከተነካ በኋላ ለመጀመሪያው ጋራዥ የሚታይ ማስረጃ የለም።

ያንን ይዛችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፣ በእርጋታ። "በዚህ ችግር መጣሁ፣ ይህን ቀየራችሁ፣ ችግሩ አልጠፋም፣ እዩልኝ" በሉ። ቢያንስ የእጅ ዋጋው እንዲመለስ ወይም ትክክለኛው ሥራ ያለ እጅ ዋጋ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። የተቀየረው ዕቃ በእርግጥ ያለቀ ከነበረ ግን ገንዘቡን መጠየቅ ይከብዳል፤ ለዚህ ነው አሮጌው ዕቃ የሚያስፈልገው። ሌላው ትልቅ ነገር መጀመሪያ ያስጻፋችሁት ቃል ነው። "ቴስቲና ቀይሩልኝ" ብላችሁ ካስጻፋችሁ የታዘዙትን ሠርተዋል። "በ90 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱን አግኙልኝ" ካላችሁ ግን ኃላፊነቱ የእነሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናውን መንዳት የሌለባችሁ ጊዜ አለ። ቦል ጆይንቱ ወይም ቴስቲናው በዓይን እስኪታይ የሚላወስ ከሆነ፣ መሪው መሃል ላይ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ባዶውን ብዙ የሚዞር ከሆነ አትንዱት። ቦል ጆይንት ከወጣ ጎማው ይታጠፋል፣ መኪናውም አይታዘዝም። በመጎተቻ አስጭናችሁ ውሰዱት።