ጣሪያውን አሁን ልቀይረው ወይስ በጋ ልጠብቅ?

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ቤታችን ጅማ ነው፣ የጭቃ ቤት። ቆርቆሮው አባቴ በ1985 ያስመታው ባለ 32 ጌጅ፣ ስሱ ዓይነት ነው፤ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አምና የሚያፈሰው በምስማሮቹ ቀዳዳ ብቻ ስለነበር ባለ ጎማ ምስማር አስመታሁ። ዘንድሮ ግን ቀን በር ዘግቼ ቀና ስል እንደ ወንፊት ብርሃን ይታየኛል፣ ከእናቴ አልጋ በላይ ያለው ኮርኒስ አብጦ ወርዷል፣ ሌሊት ሌሊት ሳፋ ስንደቅን ነው የምናድረው። አንዱ አናጺ ቀለም ቀቢው፣ ይቆይልሻል አለኝ። ሌላው ወራጁን በጣቱ ሲጫነው እንጨቱ እንደ ዳቦ ገባ፤ ቆርቆሮ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው ይላል። እኔም ወደሱ አደላለሁ፣ ብሩ ግን ለሁሉም አይበቃም። እስከ በጋ በላስቲክ ልሸፍነው? ወይስ የእናቴን ክፍል ብቻ ወፈር ባለው በ28 ጌጅ ላስቀድም? አሮጌና አዲሱ ቆርቆሮ ሲደራረብ መጋጠሚያው አያፈስም?