ማሽኑ ውሃውን ይዞ ቆሟል፤ አይጨምቅም፣ በሩም አይከፈትም

የመንታዎቹ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ጋር ተፋጥጠናል። ከፊት የሚከፈት ነው፣ 7 ኪሎ የሚይዝ፣ ስድስት ዓመት የሠራ። ያጥባል፣ ይዞራል፤ ልክ ሊጨምቅ ሲል ግን ቀጥ ይላል። ውሃው ከመስታወቱ በታች ተኝቶ ይታየኛል። ከሥሩ እንደ ንብ «እምምም» የሚል ድምፅ አለ፤ በቱቦው ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። በሩም እንደተቆለፈ ነው። የልጆቹ ዩኒፎርም ውስጡ እየዋኘ ነው።

ባለቤቴ «ሞተሩ ሄዷል» ብሎ ፈርዶበታል። በስልክ ያናገርኩት ጠጋኝ ደግሞ ሳያየው «ቦርዱ ነው» አለኝ። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው፤ ማሽኑን የነካ ግን የለም።

ሶኬቱን ነቅዬ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ መልሼ ሰካሁት። ያው ነው። ከታች በስተቀኝ አንዲት ትንሽ ክዳን አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ልክፈታት ወይስ ጎርፍ ነው የምጠራው?

ካቻቢቴ፦

እህቴ፣ ሞተሩን ተይው። ሲያጥብም ሲጨምቅም የሚያዞረው ያው አንድ ሞተር ነው። እያጠበ ከሆነ አልሄደም። ቦርዱንም፣ ማሽኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ ለጊዜው ተይው። «እምምም» የሚለው ውሃ የሚያስወጣው ፓምፕ ነው። ድምፅ ካሰማ ኤሌክትሪክ ደርሶታል ማለት ነው፤ የሚልክለት ደግሞ ቦርዱ ነው።

ታዲያ ለምን አይጨምቅም? ሆዱ ውስጥ ውሃ እያለ በኃይል እንዳይዞር ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ከገንዳው ሥር ወደ ላይ የምትወጣ ቀጭን የአየር ቱቦ አለች። ውሃ ሲገባ ውስጧ ያለው አየር ይታመቃል፤ ላይ ያለው መቆጣጠሪያም በዚያ ግፊት «ውሃ አለ» ይላል። እሱ እንዲህ እስካለ ድረስ ጭመቃም የለም፣ በርም አይከፈትም። የተበላሸ የሚመስልሽ ማሽን እየጠበቀ ነው።

ክዳኗን ክፈቻት፤ ከኋላዋ የፓምፑ ማጣሪያ አለ። ግን በዘዴ። ሶኬቱን ንቀይ፣ የውሃውን መስመር ዝጊ። በሙቅ ካጠብሽ እስኪበርድ ጠብቂ። 60 ዲግሪ ውሃ እግር ላይ ሲፈስ ቀልድ አይደለም። ባልዲ ከሥሩ ስለማይገባ ዝርግ ትሪ አድርጊ። ከማጣሪያው ጎን ቀጭን ጎማ ካለች መጀመሪያ በእሷ አፍስሺ። ከሌለች ማጣሪያውን ትንሽ ብቻ ፈታ አድርጊ፤ ትሪው ሲሞላ መልሰሽ አጥብቀሽ ድፊ። በአንዴ ከፈታሽው ቤቱን ታጥቢያለሽ።

ዝምተኛው፦

እኔ ኮምጣጤ ጨምሬበት ተስተካክሎልኛል። ሌሊቱን አሳድሪው።

ካቻቢቴ፦

ኮምጣጤ የውሃ ኖራ ያሟሟል እንጂ ሳንቲም አያሟሟም።

የመንታዎቹ እናት፦

ከፈትኩት! አሥራ አንድ ትሪ ደፋሁ፣ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የወጣውን ልቁጠርላችሁ፦ ሦስት ሳንቲም፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የእርሳስ ስባሪ፣ እና ምን እንደሆነ ማወቅ የማልፈልገው ጥቁር ዝልግልግ ነገር። በሩ ተከፈተ፣ ዩኒፎርሙን በእጄ ጨምቄ አሰጣሁ።

ከዚያ ማጣሪያውን መልሼ፣ ጥቂት ውሃ አስገብቼ «ማፍሰሻ» ላይ አደረግኩት። እምምም። እንደገና እምምም። ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆኖ «አላልኩሽም?» አለ።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ አይዞሽ፤ ግማሹን ጨርሰሻል። ሶኬቱን ንቀይና ማጣሪያውን እንደገና አውጪው። በቀዳዳው ባትሪ አብርተሽ ወደ ውስጥ እይ። ትንሽ ማራገቢያ የመሰለች ነገር አለች፤ ውሃውን የምትገፋው እሷ ናት። በእርሳስ ጫፍ አዙሪያት። ቆም ቆም እያለች፣ እየተንገጫገጨች ከዞረች ጤነኛ ናት። ውስጧ ማግኔት ስላለ ነው እንደዚያ የምትሆነው። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ደህናውን ፓምፕ «ነክሷል» እያለ ሲጥል አይቻለሁ። ጨርሶ እምቢ ካለች ክር ወይም ፀጉር ተጠምጥሞባታል። ምንም ሳይይዛት ፉር ብላ ከዞረች ደግሞ ከዘንጓ ተላቃለች፤ ያኔ ፓምፑ ይቀየራል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ማጣሪያውን ስትፈቺ ውሃው ቧ ብሎ ወጣ ወይስ እየቆጠበ?

የመንታዎቹ እናት፦

ጋሼ፣ ማራገቢያዋ እንዳሉት እየተንገጫገጨች ትዞራለች። ውሃው ግን በጣም ቀስ እያለ ነው የወጣው። አሥራ አንዱ ትሪ አንድ ሰዓት የፈጀው ለዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጡረተኛው፦

እንግዲያው ነገሩ ከፓምፑ በፊት ነው። ማጣሪያው ክፍት ሆኖ ውሃው ከቆጠበ፣ ከላይ ሲወርድ የሆነ ነገር ይዞታል ማለት ነው። ከጀርባ ያለውን ረጅሙን ቱቦ አሁን አትነካኪው። ከገንዳው ሥር ወደ ፓምፑ የሚወርድ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ፣ አጭርና ወፍራም ጎማ አለ። ሁሉም ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

በብዙዎቹ ማሽኖች ከሥር በኩል ይገኛል። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ውሃው አልቆ፣ ማሽኑ ወደ ኋላ ተጋድሞ ግድግዳ ይደገፋል። ብቻሽን እንዳትሞክሪው! ሲጨምቅ እንዳይዘል ብለው ውስጡ የኮንክሪት ብሎክ ያስሩበታል፤ ክብደቱ ከዚያ ነው። ሶፋው ላይ ያለውን ሰውዬ ቀስቅሺው። ጎማውን የያዘውን ቀለበት በፒንሳ ጨብጠሽ ወደ ጎን አንሸራቺው። ከመንቀልሽ በፊት በእጅሽ ዳብሺው፤ የተቀረቀረ ነገር ካለ ጎማው ላይ ይታወቅሻል።

የመንታዎቹ እናት፦

ካልሲ!

የአንደኛው ልጄ ካልሲ፣ አረንጓዴ፣ ተጠቅልላ እንደ ቡሽ ጎማው ውስጥ ተወትፋለች። ገና ስዳብሰው እንደ እብጠት ተሰማኝ። ባለቤቴ ማሽኑን ደግፎ ይዞ «ቶሎ በይ» እያለ፣ እኔ በፒንሳ ጎትቼ አወጣኋት። ጎማውን መለስን፣ ማሽኑን አቆምን፣ «ማፍሰሻ» ላይ አደረግኩት፤ ውሃው ሽው ብሎ ወጣ። ከዚያ ጨመቀ። ድምፁ እንደ ሙዚቃ ነበር።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ካልሲ እዚያ ድረስ እንዴት ይደርሳል? ደግሞ አሁን በትንሿ ክዳን በኩል ጠብ ጠብ ይላል።

ካቻቢቴ፦

ማሽኑን ከልክ በላይ ስትሞዪው ትንንሽ ልብስ በበሩ ጎማና በሚዞረው ከበሮ መሀል ይሾልካል። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ይወድቃል፣ መንገዱ ቁልቁል ነው። የልጆቹን ካልሲ በመረብ ከረጢት አድርጊና እጠቢ።

ለጠብታው ሶኬቱን ንቀይና ማጣሪያውን አውጪው። አንገቱ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ጥረጊያት፤ አንዲት ክር ከተኛችባት ታንጠባጥባለች። ስትመልሺው ጥርሱ ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ይግባ። እልህ ካስያዘሽ አታስገድጂው፣ አውጥተሽ እንደገና ጀምሪው።

የመንታዎቹ እናት፦

ተጣሞ ነበር የገባው። አሁን ደርቋል። ጋሼ፣ ካቻቢቴ፣ እጃችሁ ይባረክ። የካልሲዋን ጓደኛ «ብቻዋን ምን ትሠራለች» ብዬ ባለፈው ወር ጥያታለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አሁንም «ሞተሩ ግን ደክሟል» እያለ ነው።