ከተራ ዕለት ሽንት ቤታችን በር ላይ የሆነው

ሂሳብ ተቀባይዋ፦
ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ አንድ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ፣ ልንገራችሁና ተከራከሩበት፣ በናታችሁ ግን ስድብ ይቅር። ሐይቁ አካባቢ ተደራጅተን የምንሰራበት የሕዝብ ሽንት ቤትና ሻወር አለን፣ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሂሳብ የምቀበለው እኔ ነኝ፣ ለሽንት 10 ብር፣ ሶፍት ለብቻ። የከተራ ዕለት ሰልፉ አስፋልት ደርሶ ነበር፣ የሴቶቹ እንደምታውቁት ሁሌም ይረዝማል፣ እዛ መሃል ቀሚስ ያደረገ ነጠላ የተከናነበ ሰው መጥቶ ተሰለፈ፣ አጠገቤ ሲደርስ ድምፁ ወፈር ያለ ነው አገጩ ላይ ደሞ የተላጨ ጺም ይታያል። አንተ ልበል አንቺ ልበል ጨነቀኝ፣ ከአፌ የወጣው «አንቱ፣ ሻወር ነው ሽንት ቤት?» የሚል ነው። ቢበዛ 25 ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ በዛ ዕድሜ አንቱ ሲባሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከኋላ የነበሩ ሴቶች «ይሄ ወንድ ነው!» ብለው ጮኹ፣ ከወንዶቹ ሰልፍ ጎረምሶች ሮጠው መጡ፣ አንዱ ነጠላውን ጎተተው። እኔ የዳሩን ሻወር ቁልፍ ኪሴ ይዤ ስለነበር ከፍቼ አስገባኋቸውና በሩ ላይ ቆምኩ፣ ሲጨርሱ በጓሮ አስወጣኋቸው።

ከዛ ሰው ሁሉ እኔ ላይ ዞረ። ጩኸቱን ችዬው ነበር፣ አንዲት ሴት ልጇን እጇን ይዛ ቀስ ብላ ያለችኝን ነው ያልቻልኩት፣ «እሱ ምስኪን ሊሆን ይችላል፣ ነገ ግን ማንም ወንድ ቀሚስ አጥልቆ ቢመጣ በምን ትለይዋለሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቴክሳስ ያለው ወንድሜ ማታ ስደውልለት እዛም በዚሁ ጉዳይ ሕግ ወጥቶ አገር እየታመሰ ነው አለኝ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ በየትኛው በር ታስገቧቸው ነበር?

ዲያቆን ከሽምብጥ፦
እህቴ ሰውን ከዱላ ማዳንሽን ማንም ሊነቅፍሽ አይችልም፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። በር ግን በር ነው። እግዚአብሔር ወንድና ሴት አድርጎ ነው የፈጠረን፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እንኳ ወንዱ በወንድ በር ሴቷ በሴት በር ነው፣ ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይረግጣቸውም፣ እናቶቻችን ይሄን ሲያከብሩ ስንት ዘመናቸው ነው፣ ማንም ተበደልኩ ብላ አጥር የዘለለች የለችም። ሥርዓት ያለው ቦታ ላይ «እኔ የሚሰማኝ እንዲህ ነው» ማለት በር አያስከፍትም። ፈረንጅ የጀመረውን ጭቅጭቅ እዚህ ማምጣት ደሞ አይገባም ባይ ነኝ።

የባጃጅ ሹፌር፦
ዲያቆን ልክ ብለሃል። በሕጋችንም እኮ ክልክል ነው!

የሕግ ተማሪ፦
ቆይ ቆይ፣ ሕግ ከተነሳ በትክክሉ እናንሳው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው የተመሳሳይ ፆታ ግብረ ሥጋ ድርጊትን ነው። ያ ሰው ያደረገው 10 ብር ከፍሎ ሽንቱን መሽናት ነው፣ በየትኛው አንቀጽ ነው የምትከሰው? ነጠላ የጎተተው ልጅ ግን እጁን ሰው ላይ አሳርፏል፣ እዛ መሃል ከሕግ ውጭ የሆነው እሱ ነው።

የውጭውንም በወሬ አናድርገው። ቴክሳስ የተባለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2025 መስከረም ተፈርሞ ታኅሣሥ 4 ሥራ ላይ የዋለ ነው፣ የመንግሥት ሕንፃ፣ ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ እስር ቤት ውስጥ ሰው ሲወለድ በተመዘገበው ፆታ ብቻ ይግባ ይላል። ቅጣቱ የገባው ሰውዬ ላይ አይዶለም፣ ያላስከበረው መሥሪያ ቤት ላይ ነው፣ መጀመሪያ 25,000 ዶላር ከደገመ 125,000 ዶላር። የግል ካፌና ሱቅ አይነካም። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ኖርዝ ካሮላይናም እ.ኤ.አ. በ2016 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ፣ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ሕጉን ተቃውሞ የ2017ቱን የኦል ስታር (የምርጥ ተጫዋቾች) ጨዋታ እዛው ካለችው ሻርሎት ከተማ አንስቶ ኒው ኦርሊንስ ወሰደው፣ በዓመቱ ስለ ሽንት ቤት የሚለውን የሕጉን ክፍል ሻሩት። እንግሊዝ ደሞ በ2025 ሚያዝያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስቱም ዳኞች ተስማምተው በእኩልነት ሕጉ ውስጥ «ሴት» ማለት በተፈጥሮ ሴት የሆነች ማለት ነው አሉ፣ በዛው ፍርድ ላይ ግን ትራንስጀንደር የሆነ ሰው፣ ማለትም ፆታዬ ሲወለድ ከተመዘገበልኝ የተለየ ነው የሚል ሰው፣ ከመድልዎ ጥበቃው አለው ብለዋል። እዛው እነሱ ጋም አልተቋጨም ለማለት ነው፣ አሜሪካ እንዲህ አደረገች እያላችሁ ለሁለቱም ወገን ምስክር አትጥሩት።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦
የሕግ ተማሪው አንቀጽህን ሰማሁ፣ እኔ ግን የማወራው ስለ ልጆቼ ነው። ሴት ልጅ ይዞ የሕዝብ ሽንት ቤት መግባት ምን እንደሆነ ወንዶቹ አታውቁትም። በሩ አይዘጋ፣ መቀርቀሪያው ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ፣ መብራት የለ፣ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ይዛ ትቆማለች፣ አንዴ ማታ መናኸሪያ አካባቢ ልጄን በር ላይ አቁሜ ገብቼ አንድ ሰካራም መጥቶ ካልገባሁ ብሎ በሩን ሲገፋ የ9 ዓመት ልጄ በጀርባዋ ደግፋ ያዘችው፣ እስካሁን ሌሊት ትባንናለች። እንግዲህ ለኔ «ሴቶች» የሚለው ጽሑፍ ያለችኝ አንዲት መከላከያ ናት፣ ወንድ መግባቱን ሳይ እንድጮህ መብት ትሰጠኛለች፣ እሷን ከወሰዳችሁብኝ ምን ይቀረኛል? ያን ልጅ እጠላዋለሁ ማለት አይዶለም፣ እንደውም ስታወሪው አንጀቴን በላኝ።

ነርስ ነኝ፦
የሁለት ልጆች እናት፣ የኔ እህት፣ ፍርሃትሽ እውነት ነው፣ ማንም «አይዞሽ ምንም የለም» ሊልሽ አይገባም። ግን ራስሽ የነገርሽንን እይው፣ ያ ሰካራም ቀሚስ አላደረገም፣ ሴት ነኝም አላለም፣ «ሴቶች» የሚለውን አንብቦም አልተመለሰም። ያስቆመው የልጅሽ ጀርባ ነው። መቀርቀሪያ ቢኖር ልጅሽ ባልባነነች ነበር። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ትራንስጀንደሮች ነኝ በሚሉት ፆታ ሽንት ቤት እንዲገቡ የፈቀዱ ከተሞችን ካልፈቀዱት ጋር አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናት ወጥቶ ነበር፣ በመፈቀዱ ምክንያት ሽንት ቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት ጨመረ የሚል ነገር አላገኙም፣ በዛው ዓመት የግዛቱ ሕዝብ ይሄን የሚፈቅደው ሕግ ይቆይ ብሎ ድምፅ ሰጠ። እዛ በሩ ይዘጋል መብራቱም ይበራል በይኝ፣ እቀበልሻለሁ፣ እኔም የምለው እሱን ነው።

ሌላው ሽንት መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ 27,715 ትራንስጀንደር ሰዎች ተጠይቀው 59 በመቶው ባለፈው ዓመት ችግር ይመጣብኛል ብለው ሕዝብ ሽንት ቤት ከመግባት የተቆጠቡበት ጊዜ አለ፣ ሲሶ የሚሆኑት ሽንት እንዳይመጣባቸው መብላትና መጠጣት ቀንሰዋል፣ 8 በመቶው የሽንት ቧንቧ ወይ የኩላሊት ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የኩላሊት ችግር ነበረባቸው። ይሄን ሳነብ የመጣብኝ ሌላ ሰው አይዶለም፣ እኛው ነን። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ስንመጣ ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ ውሃ በአፋችን የማይዞር ሴቶች ስንቶቻችን ነን? ወንዱ ወርዶ መንገድ ዳር ይቆማል፣ እኛ እንይዛለን፣ ከዛ ክሊኒክ እንመጣለን። ያ ቀሚስ ያደረገ ሰው ከሁለቱም ሰልፍ ሲባረር የት ሄዶ እንዲሸና ነው የምትፈልጉት?

ደሞ አንድ ነገር፣ እዚህ አገር «ፍናፍንት» እየተባሉ የሚሰደቡ ሲወለዱ አካላቸው ለይቶ ያልወጣ ልጆች አሉ፣ እነሱ ሌላ ናቸው፣ ትራንስጀንደር ማለት ሌላ ነው፣ በር ላይ ቆማችሁ ግን በዓይን አትለዩዋቸውም። ጺም የሚያበቅሉ ሴቶችም አሉ፣ ሆርሞናቸው ተዛብቶ፣ የሚታከሙ። የከተራዋ እሷ ብትሆንስ?

ዲያቆን ከሽምብጥ፦
ነርሷ ያለሽው ከባድ ነው፣ አካሉ ሳይለይ የተወለደ ልጅ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፣ እሱን የሚሰድብ ይጠየቅበታል፣ እዚህ ላይ አንከራከርም። አካሉ ወንድ ሆኖ ሴት ነኝ የሚለው ላይ ግን አልተስማማሁም፣ አልስማማምም።

የሕግ ተማሪ፦
ዲያቆን እስቲ ስለ ጃንደረባው ንገረኝ። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ፊልጶስ ያጠመቀው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነው፣ በብሉይ እንደሱ ያለ ሰው ከጉባኤ እንዳይገባ ተጽፎ ነበር፣ ውሃው ጋ ሲደርሱ ግን ያስቆመው የለም። እንኮራበታለን እኮ በሱ።

ዲያቆን ከሽምብጥ፦
ወንድሜ፣ ጃንደረባ የተሰለበ ወንድ ነው፣ ሴት ነኝ አላለም፣ ነገሩን ከቦታው አትውሰደው። ለጥምቀት የተከለከለ የለም ያልከው ግን ትክክል ነው። ያ ልጅ ለከተራ ታቦት ሊያጅብ ነው የመጣው አይዶል? ነጠላ ለብሶ? እሱን ሳስብ እኔም ዝም አልኩ፣ ከታቦቱ ሥር ሄዶ ይመታል ማለት ያሳፍራል። በር ላይ ያለኝ አቋም አልተቀየረም፣ ሰውን መምታት ግን ኃጢአት ነው፣ ይሄን እሁድ ለጉባኤው ልጆች እናገራለሁ።

ተከራይ፦
እናንተ በር በር ትላላችሁ፣ እኔ ያደግኩበት ግቢ ሰባት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበር የምንጠቀመው፣ ወንድ ሴት የሚባል ነገር የለም፣ ሰው ካለ ጣሳውን በር ላይ ያቆማል፣ ከሌለ ትገባለህ ከውስጥ ትዘጋለህ በቃ። ካፌዎቹም አብዛኞቹ አንድ ክፍል ናቸው ሁሉም ተራ ይጠብቃል። ፀብ የሚመጣው ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚገባበት፣ ግድግዳው ወገብ ላይ የሚቀር፣ በሩ የማይዘጋ ቤት ሲሰራ ነው። አሁን በኮሪደር ልማቱ ሐይቁ ዳር ሲሠራ እያንዳንዱ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ተዘግቶ በሩ ወደ ውጭ፣ ሰው ወደሚያይበት ቢሆን፣ እጅ መታጠቢያው ብቻ የጋራ፣ ማን ማንን ይፈራል?

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦
ተከራይ ያልከው እውነት አለው፣ እኔም ያደግኩት እንደዛ ነው። የግቢ ሰው ግን ትተዋወቃለህ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ፣ የሐይቅ ዳር ሰው ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። እኔ የሴቶቹ ይቅር አልልም፣ መቼም አልልም። ለብቻው የሚዘጋ ሌላ በር ይጨመር ከተባለ ግን ምንም አልቃወምም፣ ሽማግሌ አባቷን ደግፋ የምትመጣ ሴትም በየትኛው በር እንደምትገባ ግራ ይገባታል፣ እኔ አባቴን ይዤ ስንቴ ተቸግሬያለሁ።

ነርስ ነኝ፦
አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ያ ለብቻው ያለው በር ላይ «የእነሱ» የሚል ነገር እንዳይጻፍበት። የገባበት ሁሉ ጣት ይቀሰርበታል፣ ከዛ ወዲያ ማንም አይገባበትም።

ሂሳብ ተቀባይዋ፦
ሁላችሁንም አንድ በአንድ አነበብኩ፣ ለማህበሩ ልጆችም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እንደናንተው ተከራከርን፣ አንዱ ልጅ ደንበኛ ይሸሻል ብሎ ተቆጣ፣ አንዷ ደሞ እንደ ዲያቆን ነው የምታስበው፣ አልደበቀችም። የተስማማነው የዳሩን ሻወር ለይተን በሩ ወደ መንገዱ የሚከፈት አንድ ክፍል ለብቻው እንዲሆን ነው፣ አሮጊት፣ በክራንች የሚሄድ፣ ልጅ የያዘ አባት፣ የከተራው ሰውም ከመጡ፣ የመጣ ይገባል፣ ዋጋው ያው 10 ብር ነው። በሩ ላይ «ሽንት ቤት» ብቻ ነው የተጻፈው። የሴቶቹም የወንዶቹም እንዳሉ ናቸው፣ የሴቶቹን አራቱንም በር መቀርቀሪያ ቀየርን፣ ያንን እንኳ ከዓመት በፊት ማድረግ ነበረብን፣ የሁለት ልጆች እናት አንቺን ሳነብ አፈርኩ። ሮቶውን ለመሙላት ግን አሁንም በጀሪካን ነው የምንቀዳው፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልን።

እኚያን ሰው ከዛ ወዲህ አላየኋቸውም። ጎረምሶቹ ደርሰውባቸው ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ካያችኋቸው ሽንት ቤቱ በር ላይ ያለችው ልጅ ትፈልግዎታለች፣ አንቱ ነው የምትልዎት በሏቸው።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦
ያ አዲሱ ክፍል ማታ መብራት አለው?

ሂሳብ ተቀባይዋ፦
አለው፣ አምፖሉን ትናንት ማታ አስገብተናል። መቀርቀሪያውም ከውስጥ ነው።