የድሮ ካሴት ወደ ስልክ የሚገለብጥ ሰው የምታውቁ?
ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ ተባበሩኝ። ደሴ ወይዘሮ ስህን ስንማር አንድ ክራር የሚጫወት ልጅ ነበር፣ ባቲና አምባሰል የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች መቼም የኛው የወሎ ናቸው፣ እሱ ግን ከኛ ጋር እያወራ ጅማቷን ጠምዘዝ ጠምዘዝ አርጎ ካንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር ጉድ ነው የምትሉት። አሁን ክራሩን ትቶ ሹፌር ሆኗል አሉ፣ ያሳዝናል። ያኔ የቀዳሁት ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አለኝ፣ ግን ቴፑ ክሩን በላው፣ በእስክሪፕቶ ጠቅልዬ መለስኩት፣ አሁን ደግሞ ድምፁ ይጎተታል፣ እንደሰከረ ሰው ነው የሚዘፍነው። የቴፑ ጎማ ላልቶ ነው ወይስ ካሴቱ ራሱ ተበላሽቶ? አንድ ሱቅ ወስጄው ሊያጠፉብኝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በጥንቃቄ የሚሰራ ካለ ሰፈሩን ጠቁሙኝ፣ ከሌለም ከቴፑ ወደ ኮምፒውተር በምን ኬብል እንደሚቀዳ ንገሩኝ።