ውሃው ሲጎድል ማባበያዬ ታች አይደርስም

ሰላም ወገኖች። ዓሣ ማጥመድ የለመድኩት ሐዋሳ ነው። እዚያ ትል መንጠቆ ላይ ሰክቶ ቁጭ ማለት ነው፤ ቆሮሶው (ቲላፒያ ዓሣው) ራሱ ይመጣል። አሁን ያለሁት ሜሪላንድ ነው። የማጠምደው ሶሎመንስ፣ የፓቱክሰንት ወንዝ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ነው። ጀልባ ስለሌለኝ ከዳር ቆሜ ነው የምወረውረው። የምፈልገው ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው፤ እዚህ ሮክፊሽ ይሉታል።

ያለኝ ባለ 7 ጫማ ዘንግ፣ 15 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክርና ጫፉ ላይ 20 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ክር) ነው። ማባበያዎቼ (ዓሣውን የማታልልባቸው ሰው ሠራሽ ምግቦች) ሁለት ናቸው፦ ጅራቱ የሚወዛወዝ ባለ 4 ኢንች ነጭ ፕላስቲክ፣ እና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ፖፐር።

አራት ቅዳሜ ሄድኩ። እዚህ ውሃው ከባሕሩ ጋር እየሞላ መልሶ ይጎድላል፤ ሲጎድል ጅረቱ ኃይለኛ ነው። ፕላስቲኩን 7 ግራም የእርሳስ ክብደት አስሬ ስወረውረው ታች ሳይደርስ ወደ ጎን ይወሰዳል። ወደ 21 ግራም ስቀይር ደግሞ ድንጋይ ሥር ተሰንቅሮ ይቀራል፤ በአንድ ጠዋት ሦስት አስበላሁ። ውሃው ቀጥ ሲል፣ ማለትም መፍሰሱን ሲያቆም፣ መጎተቱ ቀላል ነው፣ ግን የሚነካው የለም።

ዓሣው ግን አለ። አንድ ማለዳ አንዱ ፖፐሬን ከኋላ ተከተለው፣ ጀርባው ውሃውን እየሰነጠቀ። እግሬ ሥር ሲደርስ ዞሮ ሄደ። ልቤ ቀጥ አለ!

እንግዲህ ከዳር ለሚያጠምድ ሰው፣ ውሃው እየጎደለ ሳለ ፕላስቲኩ ድንጋይ ሳይዘው ታች እንዲደርስ ስንት ግራም አስሬ፣ ከጅረቱ ሽቅብ ነው ወይስ ቁልቁል ልወርውር?