ማሽን ከቆጠረ በኋላ ወረቀቱ ይታይ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው። ድምፅ በማሽን ከተቆጠረ በኋላ፣ ቅሬታ ያቀረበ ባይኖርም፣ ድምፅ የተሰጠበትን ወረቀት አውጥቶ ማመሳከር ግዴታ ይሁን?

ሚዛን፦ ይሁን እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2003 ቤልጂየም፣ ስካርቤክ ውስጥ ማሽኑ ለአንዲት ዕጩ 4,096 ድምፅ ጨመረላት። ማንም አልሰረቀም። የተነቃው ቁጥሩ ሊሆን ከሚችለው በላይ ስለሆነ ነው። 64 ብቻ ቢጨምርላት ኖሮስ ማን ልብ ይል ነበር?

ባለኮድ፦ ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ያን ታሪክ አውቀዋለሁ። 4,096 ማለት አሥራ ሁለት 2ቶች እርስ በርስ ሲባዙ ነው። በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ አንዲት ዜሮ ወደ አንድ ስትገለበጥ የሚመጣ ቁጥር ነው። ግን ሰውም እኮ ይሳሳታል፤ ሌሊት ሲቆጥርማ አይጣል ነው። በዕጩዎቹ መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ሚሊዮን ወረቀት መዘርገፍ ምን ይጠቅማል? "እናጣራ" ሲባል ደግሞ ሕዝቡ "ተጭበርብሯል ማለት ነው" ይላል።

ሚዛን፦ ሁሉም ይቆጠር ማን አለ? አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ከ2017 ጀምሮ በመላ ግዛቱ የሚያደርገውን እይ። ባለ አሥር ገጽ ዳይስ በሕዝብ ፊት ይጥላሉ። ከዳይሱ በወጣው ቁጥር ተነስተው በዕጣ ወረቀት ይመዛሉ፤ ማሽኑ ካነበበው ጋር ያስተያዩታል። የዕጩዎቹ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ጥቂት ወረቀት ይበቃል። ጠባብ ከሆነ ይጨመራል። አልገጥም ካለ እስከ ሙሉ ቆጠራ ይኬዳል።

ታዛቢ፦ ለኔ ዋናው ወረቀቱ መኖሩ ነው። በ2019 እዚያው አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ፣ ኖርዛምፕተን ካውንቲ (ወረዳ በሉት) ውስጥ 55,000 ገደማ ሰው ድምፅ ሰጠ። ማሽኑ ለአንድ የዳኝነት ዕጩ 164 ድምፅ ብቻ አወጣ። ወረቀቱ በዚያው ሌሊት ተቆጠረ። ሰውየው አሸናፊ ሆኖ ተገኘ! በ2004 ግን ሰሜን ካሮላይና፣ ካርተሬት ካውንቲ ውስጥ ከ4,400 በላይ ድምፅ ከማሽን ጠፋ። ወረቀት አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ተሰልፈው የሰጡት ድምፅ በቃ፣ ቀረ። ይኼ ያንገበግበኛል።

ባለኮድ፦ ወረቀቱ ይኑር፤ እዚህ ላይ ተግባብተናል። ማመሳከሩ ግን ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ ይሁን። አለዚያ አገር ሙሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሚዛን፦ ከጸደቀ በኋላማ ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ማን ያስነሳዋል?

ታዛቢ፦ እኔም ሳይጸድቅ በፊት ይሁን ባይ ነኝ። ጀርመን ውስጥ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2009 ምን አለ? ተራው ዜጋ ያለ ልዩ ቴክኒካዊ ዕውቀት ቆጠራውን ማረጋገጥ መቻል አለበት አለ። በማሽኖቹ ይኼን ማድረግ ስላልተቻለ አጠቃቀማቸው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ።

ባለኮድ፦ እሺ፣ በፊት ይሁን። ግን ስንት ቀን? ቀኑ በሕግ ካልተቆረጠ የተሸነፈ ሁሉ ይጎትተዋል። እዚህ ላይ መልስ ስጡኝ።