የጋራ ዕቅድ፦ በሥጋ ደዌ ለተጠቁ ሰዎች ዐይን ምን እናድርግ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ጥቁር መነጽር እናከፋፍል ይላል። ይበቃል ትላላችሁ?

የዐይን ነርስ አባል፦ መነጽር ከአቧራና ከፀሐይ ይጠብቃል፤ ክፉ አይደለም። ግን ችግሩ የሚጀምረው ከነርቭ ነው። አንዱ ነርቭ ሲጎዳ የዐይን ቆብ አልከደን ይላል። ሌላው ሲጎዳ ብሌኑ ስሜት ያጣል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ጉድ ነው። አቧራ ይገባል፣ አይቆረቁርም። ብሌኑ ይቆስላል፣ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። የቆቡ መድከም 6 ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት ግን ፕሬድኒሶሎን በሚባል የነርቭ መቆጣትን በሚቀንስ መድኃኒት የመመለስ ዕድል አለው።

ታክሞ የዳነ አባል፦ እኔ የ12 ወሩን መድኃኒት ጨርሼ "በቃ፣ ድነሃል" ተብዬ ነው የወጣሁት። ዐይኔ መክፋት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። "ዐይንህን ሳትከድን ነው እኮ የምትተኛው" ያለችኝ ባለቤቴ ናት። ዐይኑ የጠፋ ሰው በእጁ ዳብሶ ይኖራል። የብዙዎቻችን እጅ ግን አይሰማም። መድኃኒት የጨረሱትን አትርሱ።

ጸሐፊ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። መነጽሩን እንሰርዘው?

የዐይን ነርስ አባል፦ እናሳንሰውና ገንዘቡ ለምርመራ ይዋል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሰውየው እንደሚተኛ ሰው ቀስ ብሎ ይክደን፤ የቀረው ክፍተት በሚሊሜትር ይለካ። በ6 ሜትር ርቀት ጣት ይቁጠር። ብሌኑን በጥጥ መነካካት አያስፈልግም፤ ሲያወራ ዐይኑ መርገብገቡን ማየት ይበቃል። ደግሞ የቀላ ዐይን ሁሉ የዐይን ማዝ አይደለም። ካመመና ብርሃን ካስጠላው የውስጥ ቁጣ፣ ማለትም የዐይኑ ውስጠኛ ክፍል መቆጣት፣ ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ወደ ሐኪም ይላክ።

ገንዘብ ያዥ፦ የሞራ ግርዶሽ ያለበትስ? መርምረን ሜዳ ላይ እንዳንጥለው።

የዐይን ነርስ አባል፦ ዐይኑ ቁጣ ከሌለው እንደማንኛውም ሰው ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም። ይህን ለቀዶ ጥገና ክፍሎች በጽሑፍ እናሳውቅ፤ ፈርቶ የሚመልስ አይጠፋም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ እንዲህ አስተካክላለሁ፦ "በሕክምና ላይ ያሉትም ሆነ ሕክምና የጨረሱት ዐይናቸው በየጊዜው ይመረመራል። የሕክምና ቀጠሮና የመጓጓዣ ወጪ በበጀቱ ይያዛል። መነጽር ዐይኑ ለማይከደን ብቻ ይሰጣል።" "ለምጻም" የሚለውንም ከርዕሱ አውጥቻለሁ። እንዴት እንዳለፈን እንጃ።

ታክሞ የዳነ አባል፦ ትንሽ መስታወትም ጨምሩበት። የማይሰማ ዐይን መቅላቱን የማውቀው ጠዋት ጠዋት አይቼ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ተመዝግቧል ጋሼ።